ስለ ቤተሰባችን ዓይን

ውድ ወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ በፊት ልብህን ላሳርፈው፤ ማንም አልሞተም። ከአሥራ አንድ ዓመት ዝምታ በኋላ የእህት የእጅ ጽሕፈት ያለበት ፖስታ ሲመጣ ሰው ቶሎ የሚያስበው መርዶ ነው። ሁላችንም አለን። ስለ ቤትም፣ ስለ ውርስም አይደለም የምጽፍልህ። ስልኬን ባለማንሳትህ አልተቀየምኩም፤ እኔም በአንተ ቦታ ብሆን አላነሳም ነበር። ፖስታውን የላክሁት በባለቤትህ በኩል ነው። አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ ከአጠገብህ እንዳትነሳ አደራ ብያታለሁ። ከእኔ ጋር ተጣልተሃል፤ ከእሷም ጋር እንዳትጣላ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ነገሩ የጀመረው ከሥራዬ ነው። ዛሬም እዚያው ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። የሰውን ስሕተት እየለቀምኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። "ከእሷ ዓይን ነጠላ ሰረዝ አታመልጥም" ይሉኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን በአንድ የተማሪዎች መጽሐፍ ውስጥ አራት ግድፈት አምልጦኝ ታተመ፤ አራቱም የመስመር መጀመሪያ ላይ ነበሩ። አለቃዬ "ደክሞሻል፤ ትንሽ ዕረፍት ውሰጂ" አለኝ። ወሰድኩ። ቤት ውስጥ ደግሞ በግራ በኩል የተከፈተ መሳቢያ ጉልበቴን ሁለት ጊዜ ላጠኝ፤ የበሩ መቃንም እንደ ጎረምሳ ትከሻዬን እየገፋ ያልፈኝ ጀመር። ባለቤቴ "ቤቱ ጠበበሽ ወይስ አንቺ ሰፋሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። በሦስተኛው ጊዜ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሟ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የምታንስ፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። አገጬን ነጭ ሳህን በመሰለ ማሽን ላይ አስደግፋ "መሐሉን ብቻ ይመልከቱ፤ በዳር በኩል ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ይህን ይጫኑ" አለችኝ። ብልጭ ሲል ተጫንኩ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም አልበራም። ማሽኑ ተበላሽቶ እንደሆን ልጠይቃት አሰብኩ። ለካስ ሲበራ ነው የቆየው።

"ግላኮማ ይባላል" አለችኝ ውጤቱን ይዛ። "የዓይን ውስጥ ግፊት ከኋላ ያለውን ነርቭ ይጎዳዋል። የሚበላው ከዳር ጀምሮ ስለሆነ ሰው ቶሎ አያውቀውም። የጠፋውን አንመልሰውም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ልናቆየው እንችላለን። በቤተሰብዎ ውስጥ የዓይን ብርሃኑን ያጣ ሰው ነበር?"

"የለም" አልኳት ቶሎ ብዬ። "የእኛ ቤተሰብ በዓይን አይታማም። አያቴ ሰዓት ሠሪ ነበሩ።"

"እስከ ስንት ዓመታቸው ሠሩ?"

"ይሠሩበት የነበረውን ትልቅ ሱቅ በአርባ ሁለት ዓመታቸው ጥለው ወጡ።"

"ለምን?"

ታሪኩን ነገርኳት። አንተ ከእኔ በተሻለ ትተርከዋለህ። ትልቁ አባባ በከተማው ትልቁ የሰዓት ሱቅ ውስጥ ሲሠሩ አንድ ቦርጫም ደንበኛ ይመጣና "የሰዓቴን ዕቃ ለውጠህብኛል" ይላቸዋል። ባለሱቁ፣ ያ ክፉ ሰው፣ "አጎንብሰህ ይቅርታ ጠይቀው" ይላቸዋል። ትልቁ አባባ ማጉያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና "እኔ ለሰዓት እንጂ ለሰው አላጎነብስም" ብለው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ በገዛ ቤታቸው ትንሽ ሱቅ ከፍተው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠሩ። ልጆች ሳለን አንተ ትልቁን አባባ፣ እኔ ቦርጫሙን ሆነን ስንት ጊዜ ተጫወትነው! ሆዴ ላይ ትራስ የምታስርልኝ አንተ ነበርክ።

ሐኪሟ እስክጨርስ አዳመጠችኝና "ታሪኩ ደስ ይላል" አለች። "ግን በአርባ ሁለት ዓመቱ ማጉያ መነጽሩን አስቀምጦ የወጣ ሰዓት ሠሪ ለእኔ ሌላ ነገርም ይነግረኛል። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ በዘር የሚሄድ ነው። እስቲ ያጣሩ፤ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለሌሎቹም ሲሉ።"

ከሐኪም ቤት የወጣሁት ተናድጄ ነው፤ በበሽታው ሳይሆን በእሷ። የቤተሰባችንን ትልቅ ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈረሰችብኝ መሰለኝ።

ቢሆንም በሳምንቱ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። የአባባ ታላቅ እህት ካልነገሩኝ ማን ይነግረኛል? እትዬ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡት ራሳቸው ናቸው። ስለ ዓይኔ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ያው እኔም የዚያው ቤት ልጅ አይደለሁ? የቤተሰቡን ታሪክ ለመጻፍ እንደፈለግሁ አስመስዬ ጠየቅኋቸው።

"እትዬ፣ ትልቁ አባባ ዓይናቸውን ያማቸው ነበር እንዴ?"

"ማን አለሽ?"

"ማንም። እንዲሁ ለማወቅ ነው።"

"እንዲሁ ብሎ ማወቅ የለም" አሉና ልብሳቸውን መስፋት ቀጠሉ። "አባቴ የሚያኮሩ ሰው ነበሩ። ለሰዓት እንጂ ለሰው አላጎነብስም ብለው ወጡ። እሱን ጻፊ። ጽሑፉ አጥሮ ከተቸገርሽ ፊደሉን ትልቅ አድርጊው።"

ታውቃቸዋለህ፤ እትዬ በር ሲዘጉ መስኮቱንም ይዘጋሉ። ተሰናብቼ ወጣሁ።

ቤቴ ስገባ አባባ ከሞተ ጀምሮ ያልከፈትኳትን የቆርቆሮ ሳጥን አወረድኩ። የሥራ ወረቀቶቹ አሉ፣ የሃያ ስድስት ዓመት የአውቶቡስ ሹፌርነት ምስክር ወረቀት አለ፣ መንጃ ፈቃዱም አለ። አባባ በሃምሳ ዓመቱ መንዳት ትቶ ወደ መለዋወጫ ዕቃ ክፍል የተዛወረው ለምን ነበር? ሁላችንም የምናውቀው ወገቡን ስላመመው ነው። የዝውውር ማመልከቻውም "በወገብ ሕመም ምክንያት" ይላል። ከሥሩ ግን የመንጃ ፈቃድ ማደሻ ቅጽ አገኘሁ። ስሙንና አድራሻውን ሞልቶታል፤ የደም ዓይነቱን፣ ቁመቱን ሞልቶታል። "የዓይን ምርመራ ውጤት" የሚለው ክፍል ባዶ ነው። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፏል። የዝውውር ማመልከቻውን የጻፈው ቅጹን በወሰደ በስድስተኛው ቀን ነው። ቀን ማመሳከር ሥራዬ ነውና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ አየኋቸው።

አባባ ወገቡን አሞት አያውቅም፣ ወንድም ጋሼ። ከጡረታ በኋላ እንኳ የውኃ በርሜል ብቻውን ያነሳ ነበር። ያን ሳስታውስ ሌላውም መጣልኝ። ሰው ሲጠራው እንደ ዶሮ አንገቱን አዙሮ ነበር የሚያየው። ሁልጊዜ የሚቀመጠው ግራ ጎኑን ግድግዳ አስደግፎ ነበር። መንገድ ስንሄድ "ልጆች ከፊቴ ሂዱ፣ ላያችሁ" ይለን ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ጋዜጣ ያለ መነጽር ከዳር እስከ ዳር ያነብ ነበር። ጋዜጣ የሚያነብን ሰው አያይም ብሎ ማን ይጠረጥራል? በኋላ ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ መሐሉ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው። ሰውየው በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሆኖ ይኖራል፤ ፊቱ ያለውን ፊደል ያያል፣ ጎኑ የቆመውን ሰው አያይም።

እንደዚያም ሆኖ የአባባ ወረቀት ስለ ትልቁ አባባ ምንም አይነግረኝም። ስለዚህ ጋሽ ደቂቃ ዘንድ ሄድኩ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ሱቅ የሚሠሩት ሰዓት ሠሪ ናቸው። ደንበኛውን ሁሉ "ደቂቃ ብቻ" እያሉ ግማሽ ቀን ስለሚያስቀምጡ ደቂቃ ተብለው ቀሩ። ትልቁ አባባ ሲሞቱ ትልቋ እማማ መሣሪያዎቹን የሸጡላቸው ለእሳቸው ነበር፤ ያኔ ሥራ የጀመሩ ወጣት ነበሩ።

የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው የያዙትን ወረንጦ አስቀመጡ።

"የሰዓት ሠሪን ሥራ የሚመሰክር ሌላ ሰዓት ሠሪ ብቻ ነው" አሉኝ። "አንድ ሰዓት ጠግነን ስንዘጋው ክዳኑን በውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ እንጭረዋለን፤ ምልክታችንንና ቀኑን። ባለቤቱ አያየውም። በኋላ የሚከፍተው ግን ማን መቼ እንደነካው ያውቃል። የአያትሽ ምልክት ዓሣ ነበረች። ደቂቃ ብቻ።"

ደቂቃዋ አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀች። ባለቤቶቻቸው ተመልሰው ያልመጡላቸው አሮጌ ሰዓቶች የሞሉበትን ጣሳ ገልብጠው አንድ በአንድ ከፈቱ። በመጨረሻ ሦስቱን ለይተው ነጭ ወረቀት ላይ አሰለፉልኝና ማጉያውን ሰጡኝ።

የመጀመሪያው ትልቁ አባባ ከሱቅ ከመውጣታቸው ከሦስት ዓመት በፊት የተሠራ ነው። ዓሣዋ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፤ ቅርፊቷ ሳይቀር ይታያል። ሁለተኛው የወጡበት ዓመት ነው። ዓሣዋ ሁለት ጊዜ ተጭራለች፤ አንዱ ጭረት ስቶ እስከ ክዳኑ ጠርዝ ሄዷል፤ ቀኑ ከመስመሩ ወድቋል። ሦስተኛው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ዓሣዋ እንደገና ንጹሕ ናት። ቀጥ ያለች፣ የማትንቀጠቀጥ።

"ዓይናቸው ዳነ ማለት ነው?" አልኳቸው።

"ዓሣዋ ወዴት ዞራለች?"

አየሁ። የፊተኞቹ ሁለቱ ወደ ግራ ይዋኛሉ፤ ይህቺ ወደ ቀኝ።

"ይህን የጫረው ግራኝ ነው" አሉ ጋሽ ደቂቃ። "እኔ መሣሪያውን ከሴትዮዋ ስገዛ ወረንጦው ሁሉ ለግራ እጅ የተሞረደ ነበር። ገርሞኝ ነበር፤ ግን ልጠይቅ ብል ዋጋ ይጨምሩብኛል ብዬ ዝም አልኩ።"

ትልቁ አባባ ግራኝ አልነበሩም። በቤታችን ግራኝ የነበረው ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ በግራ እጃቸው ሲቆነጥጡት ያደገው ጆሮህም ያውቃል። ትልቋ እማማ ናቸው።

ሦስተኛውን ሰዓት በአደራ ተቀብዬ በማግስቱ እትዬ ቤት ተመለስኩ። ምንም ሳልናገር ክዳኑን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አነሱት። ማጉያ አላስፈለጋቸውም፤ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ከየት አገኘሽው?"

"ከጋሽ ደቂቃ።"

"ምን ይሁን ብለሽ ነው የሞተ ሰው ገመና የምትቆፍሪው?"

"ዓይኔ እየጠፋ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው። "የግራውን ግማሹን አጥቼዋለሁ።"

ሰዓቱን አስቀመጡት። ከዚያ የተናገሩትን እንዳልረሳው ቤቴ ሄጄ ጽፌዋለሁ፤ ቃላቸው እንዳለ ይኸውልህ።

"የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባትሽ አሥር ዓመቱ ነው። ቦርጫም ደንበኛ የሚባል አልነበረም። አባቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሦስት ሰዎች ሰዓት ሰበሩ። ባለሱቁ ወደ ጓዳ ጠራቸውና 'ወንድሜ፣ ዓይንህን እኔ አይቼዋለሁ፤ ሌላ ሰው ሳያየው ቤትህ ግባ' አላቸው። ማጉያውንና መሣሪያውን ጠቅልሎ የሰጣቸው እሱ ነው። ሲሸኛቸው እያለቀሰ ነበር አሉ። ያን ደግ ሰው ነው ይህን ሁሉ ዘመን ክፉ እያልን ስናማው የኖርነው።

"አባቴ ቤት ገብተው አንድ ወር ሙሉ ግድግዳ ሲያዩ ከረሙ። አንድ ቀን እናቴ የራሷን የግድግዳ ሰዓት አውርዳ ፊታቸው ፈታችው። 'አስተምረኝ' አለች። 'ሴት ሰዓት አትሠራም' አሏት። 'ዕውርም አይሠራም፤ ሁለታችን ስንደመር ግን አንድ ሰው ይወጣናል' አለቻቸው። እንዲህ ነው የተጀመረው። እሳቸው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ከደንበኛ ጋር ይጫወታሉ። ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጡና ሕመሙን ያውቁታል። 'ሞላው ነው፤ ጥርሱ ነው' ይላሉ። ማጉያውንም ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ለደንበኛ። ከመጋረጃው ጀርባ የምትሠራው እናቴ ናት። ጎረቤት 'ባለቤትሽ ለምን ከሱቅ ወጡ?' ብሎ ሲጠይቃት 'ለሰዓት እንጂ ለሰው አላጎነብስም ብለው ነዋ' አለች። ቃሉ የእናቴ ነው። እሳቸው ብለውትም አያውቁም።"

"ሁልጊዜ ተቃቅፈው ነበር የሚሄዱት ትሉን የነበረውስ?" አልኳቸው።

"ተቃቅፈው ይሄዱ ነበር። ፍቅርም ነበር፤ መንገድ ማሳየትም ነበር።"

"ለምን ደበቃችሁን?"

"ለማን ይነገራል? ሰዓቱን ለዕውር የሚሰጥ የለም። ለሴት የሚሰጥም ያኔ አልነበረም። እኔም ያልተዳርኩ ልጅ ነበርኩ፤ ከዕውር ዘር ማን ያገባል? ሆድ ካገር ይሰፋል ብለን ያዝነው። በኋላ እኛም ራሳችን አመንነው።"

ከዚያ ስለ አባባ ጠየቅኋቸው። አሁን የምጽፍልህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ረጋ ብለህ አንብበው።

አባባ ለምኖ ያስገባህን የጋራዥ ሥራ አለቃህ ሰደበኝ ብለህ ጥለህ የወጣህ ጊዜ ሁለት ዓመት ተኮራረፋችሁ። በእኔ ሠርግ ላይ ለመታረቅ መጣህ። እንደምትመጣ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። አዳራሹ ውስጥ በግራ በኩል፣ ከምሰሶው አጠገብ ቆመህ ነበር። አባባ እንግዳ እየተቀበለ ሲያልፍ እጅህን ዘረጋህለት። አለፈህ። ከአንተ ቀጥሎ የቆመውን ጎረቤታችንን አቅፎ ሳመው። ሰው ሁሉ አየ። እጅህ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየህ። ከዚያ "እኔም ለሰዓት እንጂ ለሰው አላጎነብስም" ብለህ ወጣህ። በሠርጌ ቀን ካየሁት ነገር ሁሉ ዛሬ ድረስ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ያ እጅህ ነው።

ያልነገርኩህ አለ። እንግዳው መበተን ሲጀምር አባባ ወደ እኔ መጥቶ "ወንድምሽ ቀረ ማለት ነው?" አለኝ። የሚያሾፍ መሰለኝ። ደሜ ፈላ። "አየኸው እኮ! እጁን ዘርግቶልህ አለፍከው!" ብዬ ጮህኩበት። ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ ዛሬ ሳስበው ይገባኛል፤ ያኔ ግን እፍረት አልመሰለኝም፤ ንቀት መሰለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ለአንተም ብነግርህ ቁስልህ ላይ ጨው መነስነስ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ያን አንድ ጥያቄ ያኔውኑ ነግሬህ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንተ ይገባህ ነበር። ይቅር በለኝ። በቤታችን ዓይን ያጣው ብቻ አይደለም የደበቀው።

እትዬ እንደነገሩኝ አባባ በማግስቱ እሳቸው ዘንድ ሄዷል። "ልጄ መጥቶ ነበር አሉኝ፤ እጁን ዘርግቶልኝ ነበር አሉኝ" እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እትዬ "ሄደህ ንገረው" አሉት። "ምን ብዬ? አባትህ ዕውር ነው ብዬ? መኪና የሚነዳ ልጅ ነው፤ የእኔን ዕጣ ሰምቶ መሪ በያዘ ቁጥር ይፍራ?" አለ። "እንግዲያውስ ይቅርታ ብቻ ጠይቀው" አሉት። "ነገ እሄዳለሁ" አለ። ነገ እያለ አምስት ዓመት ኖረ፤ ከዚያ ልቡ በድንገት ቆመ። አንተም ቀብሩ ላይ አልነበርክም፤ እኔም በዚያ ተቀይሜህ ከዚያ ጀምሮ ተኮራረፍን። አሁን ማንን ምን ብዬ እንደምቀየም አላውቅም።

አባባን ልከላከልለት ብዬ አይደለም። መናገር ነበረበት። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እመሰክርለታለሁ፤ ያንን ቅጽ በውሸት አስሞልቶ መንዳቱን መቀጠል ይችል ነበር፤ ብዙ ሰው አድርጎታል። እሱ ግን ማንም ሳያስገድደው ከመሪው ወረደ። የዋሸው እኛን ነው፤ ተሳፋሪውን አልዋሸም።

በዚያ ቀን ልሰናበታቸው ስነሳ እትዬ "ሁሉንም ጥሪልኝ" አሉኝ። በሁለተኛው እሑድ አሥራ ስምንት ሰው ቤታቸው ተሰበሰበ፤ ወንበር ከጎረቤት ተዋስን። የእትዬ ልጆች፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ የእኔ ልጆች፣ ሁሉም። እትዬ መሐል ተቀምጠው ለእኔ የነገሩኝን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሯቸው። ሲጨርሱ አስተማሪዋ የእትዬ ልጅ ናት መጀመሪያ የተናገረችው።

"እማዬ፣ እኔ ልጆቼን በዚያ ታሪክ ነው ያሳደግኋቸው! አሁን ውሸት ነበር ልበላቸው?"

"ውሸት አይደለም" አሉ እትዬ። "አባቴ ለሰው አላጎነበሱም፤ እናቴ ለሰዓት አጎነበሰችላቸው። አሁንም አሳድጊበት። ጨምረሽ ንገሪያቸው እንጂ ቀንሰሽ አትንገሪያቸው።"

ቅር ያላቸውም ነበሩ፤ አንዱ "ይህን ሰው ቢሰማ ምን ይላል?" ብሎ ወዲያ ወዲህ ሲል ነበር። ይሁን እንጂ በሁለት ወር ውስጥ እትዬን ጨምሮ አሥራ ዘጠኛችንም ዓይናችንን ታየን። እትዬ ነጻ ናቸው፤ ልጆቼም እንዲሁ። አራታችን ግን ተገኘብን፤ ሐኪሟ እንዳለችው አንዳንዴ ትውልድ ዘልሎ ይመጣል። እኔ አለሁ፤ አስተማሪዋ አለች፤ ታናሽ ወንድሟ አለ። አራተኛዋ የእትዬ የልጅ ልጅ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ምንም የሚሰማት ነገር አልነበረም፤ ገና ምንም አላጣችም። ሐኪሟ "ይህቺ በጊዜ ደረሰች" ብላ እጇን ጨበጠቻት። በየቀኑ ጠብታ ትጨምራለች፤ እንግዲህ ሰባ ዓመት ሲሞላትም ጎኗን የምታይ አሮጊት እንድትሆን ተስፋ አለን። ያቺን ልጅ ያዳናት ትልቋ እማማ የጫሯት ዓሣ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። እኔም ሥራዬን አልተውኩም። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አድርጌ ከግራ ጫፍ እየጀመርኩ አነባለሁ። ፍጥነቴ ቀንሷል፤ ግድፈት ግን አላሳለፍኩም።

የቀራችሁት አንተና ሁለቱ ሴት ልጆችህ ናችሁ።

ሃምሳ አንድ ዓመትህ ነው። ከባድ መኪና ከነተሳቢው ትነዳለህ። ሥራህን ተው አልልህም፤ ሐኪሟም አትልህም። ቀድሞ የተደረሰበት ሰው ዕድሜ ልኩን ሊነዳ ይችላል ብላኛለች። ነጻ ልትሆንም ትችላለህ። ማሽኑ ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ አያምም። ዓይኔ ደህና ነው፣ ምልክት ሁሉ አነባለሁ እንዳትለኝ፤ አባባም ጋዜጣ ያነብ ነበር። የሐኪሟን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ፤ ያላችሁበት ከተማ ላለ ሐኪም ብታሳየው ይበቃል። ልጆችህንም አብረህ ውሰዳቸው። ታሪኩንም እግረ መንገድህን ንገራቸው፤ ከእኔ ይልቅ ከአንተ አፍ ያምርላቸዋል።

ስለ ሌላው ምንም አልጠይቅህም። አባባን ይቅር በለው ለማለት አይደለም ይህን ሁሉ የጻፍኩት። የሆነውን እንደሆነው እንድታውቀው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የምትሆነውን አንተ ታውቃለህ።

ዛሬ ልጽፍልህ መሆኔን ለእትዬ ስነግራቸው "ከእርስዎ ምን ልጨምርለት?" አልኳቸው። "ይምጣ በይው" አሉኝ። ልጽፈው ጎንበስ ስል እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"ቆይ፣ እሱን አታስቀድሚ" አሉ። "መጀመሪያ ይታይ። መምጣቱ ይደርሳል።"

እህትህ